ከሳዮ እስከ ፉሪ፤ የዶክተር ቶማስ ላምቢ ሕይወትና ሥራ

አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከሚከብቧት ከተሞች መካከል ሱሉልታ በሰሜን፣ ቡራዩና ሆለታ በምዕራብ፣ ሰበታ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ይገኛሉ። ከእነዚህ ከተሞች ወደ መናገሻይቱ የሚያስገቡት መንገዶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። በሆለታና በቡራዩ በኩል የሚመጣው መንገድ የወለጋ ሲራራ ነጋዴ ቡናውንና ሰሙን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ወደ ገበያ የዘለቀበት ነው። በሰበታ በኩል የሚመጣው ደግሞ ከጅማ ጋር የሚያገናኘው ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ከነዚህ ሁለት መንገዶች የከተማ ጫፍ አጠገብ ሁለት የሕክምና ቤቶች ተሠርተው ነበር። አንደኛው በጉለሌ፣ ሁለተኛው ወደ ፉሪ ተራራ በሚያመራው ሜዳ ላይ። የሁለቱም መሥራች አንድ ሰው ነበሩ፤ አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ አሌግዛንደር ላምቢ።

የዶክተር ላምቢ ስም ዛሬ በብዙ ሰው አፍ የሚጠራ አይደለም። ሠርተው ያለፉት ሥራ ግን ስሙን እየለወጠ እስከዚህ ዘመን ደርሷል። ሕይወታቸው መልካም ሥራ የሠራ ሰው ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ባለሙያ ዕውቀቱን ይዞ ወደ አንድ የእምነት ማኅበር ሲገባ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚከፍል የሚያሳይ ታሪክ ነው። ስለዚህም ነው ከምስጋናው ጋር ጉድለቱም አብሮ መነገር የሚገባው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፒትስበርግ እስከ ሶባት ወንዝ

ቶማስ ላምቢ የተወለዱት በ1885 በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር በፒትስበርግ ከተማ ነው። ፒትስበርግ በዚያን ጊዜ የብረትና የአረብ ብረት ማቅለጫ ምድጃዎች ሌሊትና ቀን የሚነዱባት፣ ሀብትና ጢስ በአንድነት የሞሉባት ከተማ ነበረች። ላምቢ በዚያው ከተማ የሕክምና ትምህርታቸውን ተከታትለው በ1907 ተመረቁ። ዕድሜያቸው ገና ሃያ ሁለት ዓመት ነበር። በትውልድ ከተማቸው ቆይተው በሙያቸው ሠርተው መክበር ሲችሉ፣ በዚያው ዓመት የተባበረው የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን አባል ሆነው ወደ ሱዳን ሄዱ።

ሱዳን ከ1898 በኋላ በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አስተዳደር ሥር የነበረች አገር ናት። ወጣቱ ሐኪም በመጀመሪያ ዐረብኛ ተማሩ። ቀጥሎም በነጭ ዓባይና በሶባት ወንዞች አካባቢ፣ በሽሉክና በኑዌር ሕዝብ መካከል ተመድበው ሠሩ። በ1909 በዚያው በሚሲዮኑ ሥራ ላይ የነበሩትን ሻርሎት ክላኒን አግብተው ሁለት ልጆች ወለዱ። ከዚያም በሶባት ዳር በምትገኘው በናስር የሕክምና ጣቢያ አቋቋሙ። ሶባት ማለት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ባሮ ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ በሱዳን ሜዳ የሚጠራበት ስም ነው። እንግዲህ ላምቢ ኢትዮጵያን ከማየታቸው በፊት ለዓመታት የጠጡት ከኢትዮጵያ ተራሮች የወረደውን ውሃ ነበር ማለት ይቻላል።

በባሮ ወንዝ ላይ የምትገኘው ጋምቤላ በ1902 በተደረገው ውል መሠረት የእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ የተተከለባት ቦታ ነበረች። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ እየዘለቁ ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። በጋ ሲሆን ግን ወንዙ ይጎድልና መንገዱ ይዘጋል። የምዕራብ ኢትዮጵያ ንግድም ሆነ ወሬ የሚመላለሰው በዚህ የውሃ በር በኩል ስለ ነበረ፣ በናስር አንድ ሐኪም መኖሩ በሳዮና በጎሬ ገዢዎች ዘንድ ሳይሰማ አልቀረም።

የኅዳር በሽታና የሳዮ ጥሪ

በ1918 መጨረሻ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ሕዝባችን የኅዳር በሽታ ብሎ ጠራው። በየቤቱ ሬሳ የሚያነሣ ሰው የጠፋበት፣ ቀባሪው ከተቀባሪው ጋር የወደቀበት ጊዜ ነበር። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠለው የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። በመላው አገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ እነሱም ከመናገሻ ከተማውና ከጥቂት ቦታዎች አያልፉም ነበር።

በሽታው በምዕራብ ወለጋም ሕዝብ በጨረሰ ጊዜ የሳዮ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ሐኪም እንዲላክላቸው በጋምቤላ በነበሩት የእንግሊዝ ሹም በኩል ጠየቁ። ጥሪው ከዶክተር ላምቢ ዘንድ ደረሰ። ሚሲዮኑም ፈቅዶላቸው በ1919 ከቤተሰባቸው ጋር ከጋምቤላ ቆላ ተነሥተው ወደ ሳዮ ደጋ፣ ዛሬ ደምቢ ዶሎ ወደምትባለው ከተማ ወጡ። በዚያም የሕክምናና የትምህርት ሥራ ተጀመረ። በሳዮው ሚሲዮን ካደጉት ሰዎች መካከል በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጡት ጊዳዳ ሶለን አንዱ ሲሆኑ፣ በኋላ ስመ ጥር ቄስ ለመሆን በቅተዋል። ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳም ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ዶክተር ላምቢ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ተጋብዘው ነው። የጋበዛቸውም ያስተማሩት ሃይማኖት ሳይሆን የያዙት መድኃኒት ነበር። አገሪቱ የራሷ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ያላት ስለ ሆነች፣ የውጭ አገር ሰባኪ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ነበር። ሐኪም ግን በየትም በር ይገባል። የሰባኪነቱንና የሐኪምነቱን ሥራ አጣምሮ የያዘ ሰው አንደኛውን በር ለሌላው መክፈቻ እንዳያደርገው ሁልጊዜ ይፈተናል። ይህ ፈተና ላምቢን ዕድሜያቸውን ሙሉ አልተለያቸውም።

የጉለሌው ሆስፒታል

የዶክተር ላምቢን ዕድል ከመናገሻ ከተማው ጋር ያገናኘው ነገር ትንሽና አስገራሚ ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወሩ በጎሬ ያገኟቸው መኳንንት፣ በኋላ ራስ የተባሉት ናደው፣ በጆሯቸው ውስጥ በገባ ጥንዚዛ ይሠቃዩ ነበር። ሐኪሙ ጥንዚዛዋን ከጆሯቸው አውጥተው ከሥቃያቸው ገላገሏቸው። ናደውም ውለታውን ሳይረሱ ለአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን የሚያስተዋውቅ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ዶክተር ላምቢ አዲስ አበባ ሲደርሱ አልጋ ወራሹ በደስታ ተቀበሏቸው፤ በከተማይቱም ሆስፒታል እንዲሠሩ ጠይቀው በጉለሌ ቦታ ሰጧቸው።

በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የነበራት የሕክምና አገልግሎት እጅግ አነስተኛ ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ሆስፒታል ሥራውን አቁሞ ሄዷል። በዳግማዊ ምኒልክ ስም የተሠራው ሆስፒታል ብቻውን ለሁሉ ሊዳረስ አይችልም ነበር። ላምቢ ወደ አሜሪካ ተመልሰው የሚሲዮናቸውን ወዳጆች አስተባበሩ። ከአንድ ባለጸጋ የተገኘው ስጦታ ለሕንጻው ሥራ ዋለ፤ ሆስፒታሉም በለጋሹ ስም የጆርጅ መታሰቢያ ተባለ።

ስለ ግንባታ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ሥራ በዚያ ዘመን ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር መገመት አያዳግተውም። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ መስተዋቱና የብረት ዕቃው ሁሉ ከባሕር ማዶ መጥቶ በዚያ ሐዲድ ይጓጓዛል። ከባቡር ጣቢያው እስከ ጉለሌ ደግሞ ዳገቱን በጋሪና በሸክም መውጣት ነበረበት። በአገር ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው ድንጋይ፣ ጭቃና ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው ቢላዋ ሌላ የግንበኛውን ቱንቢና የአናጺውን ሜትር መከታተል ግድ ሆነባቸው። በ1920ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ሆስፒታሉ ተሠርቶ ሥራ ጀመረ። በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ በራሳቸው ወጪ ያሠሩት የቤተ ሳይዳ ሆስፒታል ተከፈተ። እንዲህ እያለ በከተማይቱ ዘመናዊ ሕክምና ሥር እየሰደደ ሄደ። ጉለሌ በኋላ የፓስተር ኢንስቲትዩት የተቋቋመበት ሰፈር በመሆን እስከ ዛሬ ከጤና ምርምር ጋር ስሙ አልተለያየም።

ከማኅበር ወደ ማኅበር

ሆስፒታሉን ሠርተው ስማቸው ከፍ ባለ ጊዜ ዶክተር ላምቢ በምቾት ተቀምጠው መኖር ይችሉ ነበር። ይሁን እንጂ ሐሳባቸው ሐኪም ወዳልደረሰበት ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ አዘነበለ። ሚሲዮናቸው የያዘው ሥራ ከአቅሙ በላይ ስለ ነበረ አዲስ አገር ለመጨመር አልተዘጋጀም። ስለዚህ አልፍሬድ በክስተንና ጆርጅ ሮድ ከተባሉ ሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው የአቢሲኒያ ጠረፍ ሚሲዮን የሚባል አነስተኛ ማኅበር አቋቋሙ።

ነገር ግን ሦስት ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር ገንዘብ የሚያሰባስብለት ጽሕፈት ቤት፣ ምትክ ሠራተኛ የሚመለምልለት ድርጅት፣ በችግር ጊዜ የሚደርስለት ወገን የለውም። አንዱ ቢታመም ወይም ቢሞት ሥራው አብሮ ይቀበራል። በ1893 በናይጄሪያ ሥራ የጀመረውና ሮላንድ ቢንጋም ይመሩት የነበረው የሱዳን ኢንተሪየር ሚሲዮን በሌላ በኩል ብዙ ጣቢያዎችና በብዙ አገር የተበተኑ ደጋፊዎች ነበሩት። በ1927 ትንሹ ማኅበር ከትልቁ ጋር ተዋሐደ፤ ዶክተር ላምቢም የኢትዮጵያው ክፍል ኃላፊ ሆኑ።

ይህ ውሳኔ ቀላል አልነበረም። ሃያ ዓመት ያገለገሉትን ማኅበር፣ በእጃቸው ያሠሩትን ሆስፒታልና የተረጋገጠ ደመወዝ ትተው የሚገቡበት ማኅበር በምእመናን በጎ ፈቃድ ከሚመጣ ስጦታ በቀር ለሠራተኞቹ ዋስትና የሚሰጥ አልነበረም። ያተረፉት ነገር ቢኖር በአንድ ቦታ ተወስኖ የነበረውን ሥራቸውን በብዙ ቦታ ሊዘረጋ ከሚችል ሰንሰለት ጋር ማያያዛቸው ነው። አንድ ምሰሶ ብቻውን ጣሪያ አይሸከምም፤ ከሌሎች ምሰሶዎች ጋር በማገር ሲታሰር ግን ሸክሙ ይከፋፈላል። ላምቢ የገባቸው ይህ ነበር።

በ1928 መጋቢት ወር ገደማ ጓዛቸውን በበቅሎ ጭነው ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ተጓዙ። ያሰቡት ጅማ ለመድረስ ነበር፤ ሁኔታው ግን ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ ሲዳሞ መራቸው። በሲዳሞ ያጋጠማቸውም ነገር አስደናቂ ነው። ደጃዝማች ባልቻ በዚያው ዓመት ከሲዳሞ ግዛታቸው ሲሻሩ በቦታቸው የተተኩት፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ላምቢን ወደ ሳዮ የጠሩት ደጃዝማች ብሩ ነበሩ። የድሮው ወዳጅነት አዲሱን በር ከፈተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በሶዶ ሆስፒታል ተሠራ፤ በየጣቢያውም ክሊኒክ ተከፈተ። ታማሚውን በቅርብ የሚያይ ጣቢያ፣ የባሰበትን የሚቀበል ሆስፒታል፣ ሁሉንም በመድኃኒትና በሰው የሚደግፍ የመናገሻ ከተማ ማዕከል ያለው አሠራር በዚያን ጊዜ በአገራችን አዲስ ነገር ነበር። ዛሬ ከጤና ኬላ እስከ ሪፈራል ሆስፒታል ተያይዞ የሚገኘው አደረጃጀት የሚከተለው ሐሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም።

በፉሪ አቅጣጫ የተሠራው ቤት

ዶክተር ላምቢ በአዲስ አበባ መንገዶች ሲመላለሱ ዓይናቸውን የሳበው ሌላ ነገር በየቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም የተኮለኮሉት የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ነበሩ። በአገራችን ይህ በሽታ ከጥንት ጀምሮ የሚፈራና የሚታፈር ነው። በዘር የሚወርድ እየመሰለው ብዙ ሰው ከሕመምተኛ ቤተሰብ ጋር አይጋባም ነበር። ላሊበሎች ሌሊት ተነሥተው በየደጁ እየዘፈኑ የሚለምኑት፣ ልማዱን ቢተዉ ይህ ደዌ ይይዘናል ብለው በመፍራት እንደ ሆነ ሲነገር ኖሯል። በሌላ በኩል ደግሞ ሕዝቡ ሕመምተኛውን መመጽወት ጽድቅ ነው ብሎ ያምናል፤ ገብረ ክርስቶስ የተባለው ቅዱስም የእነዚህ ሕሙማን ጠባቂ ሆኖ ይታሰባል። መመጽወት ነበረ፤ ማከም ግን አልነበረም። በ1901 ካፑቺን መነኮሳት በሐረር ካቋቋሙት መጠለያ በቀር ለእነዚህ ሰዎች የተለየ የሕክምና ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

የበሽታው ምክንያት ረቂቅ ሕዋስ መሆኑን ኖርዌጂያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 ደርሰውበታል። ሕዋሱ ቆዳንና ነርቭን ይጎዳል። ነርቩ ሲሞት ሕመምተኛው ሕመም መስማት ያቆማል፤ እሳት ሲያቃጥለው፣ እሾህ ሲወጋው አያውቅም። ጣትና እግር የሚቆራረጡት በሽታው ራሱ ስለሚበላቸው ሳይሆን፣ ሳይታወቅ የቆሰለው ቁስል እያመረቀዘ ስለሚሄድ ነው። በ1930ዎቹ የነበረው ዋና መድኃኒት ሻልሙግራ ከተባለ የእስያ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ሲሆን፣ በመርፌ ሲሰጥ እጅግ የሚያሠቃይ፣ ጥቅሙም ውሱን የሆነ ነበር። ዳፕሶን የተባለው መድኃኒት የመጣው በ1940ዎቹ ነው። ዛሬ በጥቂት ወራት የሚያድነው የመድኃኒቶች ቅንጅት ደግሞ በዓለም የጤና ድርጅት የተመከረው ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። እንግዲህ ላምቢ ይህን ሆስፒታል ለመሥራት ሲነሡ የተማመኑት በመድኃኒቱ ኃይል አልነበረም። ንጹሕ አልጋ፣ የታጠበ ቁስል፣ በቂ ምግብና ሰው አክባሪ እጅ በራሳቸው ሕክምና መሆናቸውን ስላወቁ ነው።

ሥራው የአሜሪካ የሥጋ ደዌ ሚሲዮንን ርዳታና የንጉሠ ነገሥቱን ድጋፍ አግኝቶ በ1930ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ከከተማው ውጭ፣ በሰበታ መንገድ ወደ ፉሪ በሚያመራው አቅጣጫ ተጀመረ። በዚያን ጊዜ ቦታው ከአዲስ አበባ የራቀ ገጠር ነበር። ሆስፒታሉም በለጋ ዕድሜያቸው መቀሌ ላይ ባረፉት በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ተሰየመ።

ከዚህ ሆስፒታል ጋር የዶክተር ላምቢን ሕይወት የለወጠ አንድ ጉዳይ ተያይዞ መጣ። በጊዜው በነበረው ሥርዓት የውጭ አገር ዜጋ የመሬት ባለቤት ሊሆን አይችልም ነበር። የሆስፒታሉ ቦታ ደግሞ በሕግ የጸና ባለቤት ያስፈልገው ነበር። ላምቢ በ1934 የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። ሰው ለሀብት ወይም ለሹመት ዜግነቱን ሲለውጥ ታይቷል፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መኖሪያ የሚሆን መሬት ለማጽናት ዜግነቱን የለወጠ ግን ብዙ አይገኝም። ይህን ሲያደርጉ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ለመሆን አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቀርቷቸው ነበር።

የጦርነቱ ዓመታት

ሰላሙ ግን አልዘለቀም። በ1934 ታኅሣሥ ወር የወልወል ግጭት ከተነሣ ጀምሮ የኢጣሊያ ወረራ እንደማይቀር ግልጽ ሆነ። በዚያው ወራት በሆለታ ገነት፣ በዳግማዊ ምኒልክ የድሮ ቤተ መንግሥት፣ በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ተቋቁሞ ወጣቶች መሠልጠን ጀምረው ነበር። ከመናገሻይቱ በአንዱ በኩል ለመዋጋት የሚዘጋጁ፣ በሌላው በኩል ቁስለኛ ለማንሣት የሚዘጋጁ ሰዎች በአንድ ዘመን ይሠሩ ነበር ማለት ነው።

በ1935 ሐምሌ ወር የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቋመ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ፕሬዚዳንት፣ ዶክተር ላምቢ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ማኅበሩ ሲቋቋም መጋዘን፣ የሠለጠነ ሠራተኛና በቂ መኪና አልነበረውም። በየሚሲዮኑ የተበተኑት ሐኪሞችና አስታማሚዎች የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ሆኑ። ከእንግሊዝ፣ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብፅ የመጡ የሕክምና ጓዶችም ተጨመሩ። በየእምነቱና በየአገሩ ተከፋፍሎ የነበረው የሕክምና ሥራ በአንድ ቀይ መስቀል ምልክት ሥር ተሰበሰበ።

ምልክቱ ግን አላዳናቸውም። በ1935 ታኅሣሥ 6 ቀን ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሆስፒታሏም ተመታ። በሳምንቱ አሜሪካዊው ዶክተር ሮበርት ሆክማን ያልፈነዳ ቦምብ ሲያመክኑ በደጋሃቡር ሞቱ። በዓመቱ መጨረሻ በመልካ ዲዳ የስዊድኑ ጓድ ተደበደበ። ከዚያም የመርዝ ጋዙ መጣ። የላምቢ ጽሕፈት ቤት የእነዚህን ግፎች ወሬ ከየግንባሩ እየተቀበለ ለዓለም የሚያሰማ ሆነ። በ1936 ግንቦት ወር መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው ሲወጡ፣ ከተማይቱም ስትዘረፍና ስትቃጠል የእንግሊዙ ጓድ መሪ ዶክተር ሜሊ ቁስለኛ ሲያነሡ በጥይት ተመትተው ሞቱ። ግንቦት 5 ቀን የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የዶክተር ላምቢ ታሪክ ጨለማው ገጽ ነው። አዲሶቹ ገዢዎች ሚሲዮኖቹን በጠላትነት ይመለከቱ ነበር። በሶዶ፣ በሆሳዕና፣ በሲዳሞና በፉሪ የተሠራው ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ሊዘጋ እንደሚችል ላምቢ ያውቁ ነበር። ሥራውን ለማትረፍ ሲሉ ስለ መርዝ ጋዙና ስለ ቀይ መስቀል ድብደባ ቀደም ሲል የሰጡትን ምስክርነት የሚያስተባብል ጽሑፍ ለኢጣሊያ ሹማምንት ሰጡ። ኢጣሊያኖችም ይህን ለፕሮፓጋንዳቸው ተጠቀሙበት። የተጠበቀው ምሕረት ግን አልተገኘም። የሚሲዮኑ ሠራተኞች በ1937 ከሶዶ ወጡ፤ ቀስ በቀስም ሥራው በሙሉ ከእጃቸው ተወሰደ።

ይህን ድርጊት መመዘን ቀላል አይደለም። በአንድ በኩል ብዙ ሕሙማንን የሚያስተዳድር ሰው በሩ እንዳይዘጋበት ሲል አንገቱን ቢደፋ ሰብአዊ ነው ሊባል ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ በጋዝ የነደደው ገበሬና በድንኳኑ ውስጥ የተደበደበው ቁስለኛ ከዚያ ምስክርነት በቀር ሌላ ጠበቃ አልነበራቸውም። ሕንጻን ለማትረፍ ሲባል እውነት ስትሰጥ፣ ሕንጻው የቆመበት መሠረት አብሮ ይናዳል። ዜግነታቸውን ለሕሙማን የሰጡት ሰው፣ የማይሰጠውንም ጨምረው ሰጡ፤ በምትኩ ያገኙት ግን ምንም አልነበረም።

አገር አልባነት

ኢትዮጵያዊ ዜግነታቸው አገሪቱ በወራሪ እጅ በወደቀች ጊዜ ዋጋ አጣ፤ የአሜሪካውንም ቀድሞውኑ ትተውታል። በ1939 የታተመው የሕይወት ታሪክ መጽሐፋቸው አርእስት አገር የሌለው ሐኪም የሚል ትርጉም ያለው መሆኑ ይህን ሁኔታቸውን ያመለክታል። ሆኖም ሥራ አልተዉም። ወደ ወጣትነታቸው አገር ወደ ሱዳን ተመልሰው በላይኛው ናይል አካባቢ አዳዲስ የሕክምና ጣቢያዎች አቋቋሙ።

በ1941 ኢትዮጵያ ነፃ ስትወጣ ሚሲዮኑ ወደ ቀድሞ ሥራው ለመመለስ ቻለ። ዶክተር ላምቢ ግን አልተመለሱም። በወረራው ዘመን ያደረጉት ነገር በንጉሠ ነገሥቱ ልብ ውስጥ ቅሬታ አሳድሮ ነበርና በሩ ተዘጋባቸው። አንድ ጊዜ በጆሮ ውስጥ በገባች ጥንዚዛ ምክንያት የተከፈተው የቤተ መንግሥት ደጅ በአንዲት ወረቀት ምክንያት ተዘጋ።

የተመለሱት ባልደረቦቻቸው ያገኙት ነገር አስደናቂ ነበር። በወላይታ ጥለውት የሄዱት አነስተኛ የአማኞች ጉባኤ ያለ ውጭ አገር ሰው ርዳታ በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ጠበቃቸው። ይህ የሚያስረዳው አንድ ማኅበር ሥር ከሰደደ መሥራቹ ቢባረርም እንደማይደርቅ ነው።

በ1946 ባለቤታቸው ሻርሎት ሞቱባቸው። ላምቢ ስድሳ ዓመት አልፏቸው ሳለ በሌላ የፕሬስቢቴሪያን ማኅበር ሥር ገብተው ወደ ቅድስት አገር ሄዱ፤ በቤተ ልሔምና በኬብሮን መካከል ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚሆን ሆስፒታል አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ አካባቢው በ1948ቱ ጦርነት ከቤታቸው የተፈናቀሉ ስደተኞች የተጨናነቁበት ነበር። አገር ያጣው ሐኪም አገር ያጡ ሰዎችን ሲያክሙ የመጨረሻ ዓመቶቻቸውን አሳለፉ። በ1954 ሚያዝያ 14 ቀን፣ የትንሣኤ በዓል አራት ቀን ሲቀረው፣ በኢየሩሳሌም የመቃብሩ አትክልት በሚባለው ስፍራ ለበዓሉ ጸሎት ሲያዘጋጁ በድንገት ዐረፉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ነበር። የተቀበሩትም ባቋቋሙት ሆስፒታል አካባቢ ነው።

የቀረው ሥራ

በፉሪ አቅጣጫ የተተከለው ቤት ግን አልጠፋም። የልዕልት ዘነበ ወርቅ ሆስፒታል ከነፃነት በኋላም ሥራውን ቀጠለ። በ1965 በዚያው ቦታ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሐኪሞችና አስታማሚዎች ማሠልጠኛ የሚሆነው አለርት ተቋቋመ፤ ቀጥሎም በሐንሰን ስም የተሰየመው የምርምር ተቋም በጎኑ ሥራ ጀመረ። ዛሬ አለርት ከሥጋ ደዌ ሌላ ብዙ ዓይነት ሕክምና የሚሰጥ ትልቅ ሆስፒታል ነው። ሰፈሩም ዘነበ ወርቅ ይባላል። አንድ ጊዜ ሕሙማን ከሰው ዓይን እንዲርቁ የተመረጠው ገጠር ከተማው ውጦታል። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢኬድ ለቡና ፉሪ ታልፈው ሰበታ ይደረሳል፤ ከሰበታ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡርም በ2016 ተመርቆ በዚያው አካባቢ ያልፋል።

ዶክተር ላምቢ በሕይወታቸው ብዙ ማኅበር ገብተዋል፤ አንዳንዱንም ትተው ወጥተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1934 የገቡበት፣ ማለትም በሥጋ ደዌ ሕሙማን ምክንያት ከኢትዮጵያ ሕዝብ ጋር ያደረጉት አንድነት ነው። ያንን አንድነት በጭንቅ ቀን መጠበቅ አቃታቸው፤ ዋጋውንም እስከ ዕለተ ሞታቸው ከፈሉ። ሕሙማኑ ግን ከዚያ ወረቀት ጋር ግንኙነት አልነበራቸውም። ለእነሱ የቀረላቸው የታጠበ ቁስል፣ ጣሪያ ያለው ቤትና በሩን የማይዘጋ ሆስፒታል ነው። የአንድ ሠሪ ሥራ የሚመዘነው ሠሪው ሳይኖር በሚሰጠው አገልግሎት ከሆነ፣ በዘነበ ወርቅ በር የሚገባው ሕመምተኛ የዶክተር ላምቢን ስም ባያውቅም ከሥራቸው ተካፋይ ነው።